በራስ ጉዳይ ዳኛ ስለ መሆን

አባቶቻችን «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ሲሉ የተናገሩት ቃል ቀልድ ይመስላል እንጂ፥ ስለ ሰው ልጅ ባሕርይ ከተነገሩት ቃላት መካከል ጠንካራው ነው። እንጀራውን የሚቆርሰው ሰው ቀማኛ ነው አላሉም፤ ክፉ ነው አላሉም። ድርሻውን በገዛ እጁ የሚቆርስ ሰው፥ ማንም ቢሆን፥ እጁ ወደ ራሱ ጥቂት ዘንበል ማለቱ አይቀርም ማለታቸው ነው። ታዲያ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፥ ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን ይችላልን? ቢሆንስ ፍርዱን ማን ያምነዋል?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ከመጽሐፍ አግኝቼው ወይም ከሊቃውንት ጉባኤ ሰምቼው አይደለም። ያገኘሁት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ያረጀ ሜዳ ላይ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት፥ ዕድሜያቸው ከስድስት እስከ ዐሥር ዓመት ለሆነ ሕፃናት የቴኒስን ጨዋታ ከሀሁ ጀምሬ ሳስተምር ነው። እኔ ስመ ጥር ተጫዋች አልነበርሁም፤ አሁንም አይደለሁም። ልጅ ሳለሁ ለትልልቆቹ ሰዎች ኳስ እየለቀምሁ ጨዋታውን በዓይኔ ተማርሁ፤ ካደግሁ በኋላም ያን የለቀምሁትን ለሌሎች ልጆች ላካፍል ብዬ ጀመርሁ። የእንጀራ ሥራዬ ሌላ ነው።

ነገሬን ለመረዳት የጨዋታውን ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። የቴኒስ ሜዳ ርዝመቱ 23.77 ሜትር ነው፤ አንድ ለአንድ ሲጫወቱበት ስፋቱ 8.23 ሜትር ይሆናል። በመካከሉ የተዘረጋው መረብ ወገቡ ላይ 91.4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ይህ ሁሉ የተለካው ለጎልማሳ ሰው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ በዚህ ሜዳ ዳር አቁመህ «በል ምታ» ብትለው፥ መረቡ ደረቱ ድረስ ይመጣበታል፤ ኳሷም ነጥራ ከራሱ በላይ ታልፋለች። በእኛ ከተማ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በስስ አየር ውስጥም ኳስ ትፈጥናለች፥ አብዝታም ትነጥራለች። የጨዋታው ሕግ ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ እንዲኖር ፈቅዷል፤ ነገር ግን እኛ ሜዳ የሚደርሰው የተገኘው ኳስ ነው እንጂ የተመረጠው አይደለም።

ስለዚህ ለሕፃናት የሚሆን ሌላ ሥርዐት ወጥቷል። ለትንንሾቹ የምትሰጠው ቀይ ኳስ ፍጥነቷ ከተራይቱ ኳስ በ75 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፤ ሜዳቸው 11 ሜትር አይሞላም፤ መረባቸውም 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በሚወዳደሩበት ጨዋታ ተራይቱ ኳስ እንዳትገባ በደንብ ከልክሏል። እኛም በትልቁ ሜዳ ላይ በኖራ ትንንሽ ሜዳዎች እናሰምራለን፤ በመረብ ፈንታ ገመድ እንወጥራለን። ቀዩ ኳስ ሲያልቅብን አሮጌና የተነፈሰ ኳስ እንሰጣቸዋለን፤ እርሱም ዝግ ብሎ ስለሚሄድና ብዙ ስለማይነጥር ለሕፃን ከአዲሱ ይሻላል። ከችግራችን ያገኘነው ጥቅም ይህ አንዱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በመጀመሪያው ቀን ራኬት አላስይዛቸውም። «ከልጅ ጋር አትጫወት፥ ይወጋሃል በእንጨት» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው፥ ዐሥራ ሁለት ሕፃናት ራኬት ይዘው በአንድ ሜዳ ላይ ሲዞሩ ያየ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። መጀመሪያ ኳሷን በመሬት ላይ እያንከባለሉ ይለዋወጣሉ፤ ዓይናቸው ከኳሷ ጋር መሄድን የሚለምደው በዚህ ነው። ቀጥሎ አንዱ ይወረውራል፥ ሌላው አንድ ጊዜ እስክትነጥር ጠብቆ በሁለት እጁ ይይዛታል። ሕፃን መጠበቅ አይወድም፤ ኳሷ ሳትነጥር ሊይዛት ይሮጣል። መጠበቅን ሳይማር ግን ሌላውን ሁሉ መማር አይችልም፤ ስለዚህ «ነጠረች! ያዝሁ!» እያሉ ጮኸው እንዲናገሩ አደርጋለሁ። ከዚያ በመዳፋቸው ይመታሉ፤ ራኬት የረዘመ መዳፍ እንጂ ሌላ ነገር አይደለምና። ከዚያ ራኬቱን ይዘው፥ ኳሷን በላዩ እንደ ውሃ እንስራ ሚዛን ጠብቀው ተሸክመው ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ይራመዳሉ። ሳይጥሉ የደረሱ እንደ ሆነ የሚታየው ደስታ አንድ ትልቅ ሰው ዲግሪ ሲቀበል ከሚታይበት አይተናነስም።

በመጨረሻ ሁለት ሁለት ሆነው፥ በሦስት በሦስት ሜትር ርቀት፥ በገመዱ ላይ ይለዋወጣሉ። «ስንት ጊዜ ሳትወድቅ ትመላለሳለች?» ብዬ አስቈጥራቸዋለሁ። አራት፥ አምስት፥ ዘጠኝ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ልጆች አንድ ወገን ናቸው፤ ጠላታቸው መሬት ብቻ ነው። አንዱ ለሌላው እንድትመቸው አድርጎ ይልክለታል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ጊዜ ነው፤ ቢቻለኝ እዚህ ላይ ባቆምሁት ነበር። ነገር ግን አንድ ቅዳሜ ላይ ከመካከላቸው አንዱ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ይመጣና፥ «ጋሼ፥ ማን አሸነፈ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም። መስመሩ እስከዚያ ቀን ድረስ በመሬት ላይ የተሰመረ ኖራ ነበረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንበር ይሆናል።

እንግዲህ የጨዋታው እንግዳ ነገር እዚህ ላይ ነው። በትልልቅ ውድድር ካልሆነ በቀር ቴኒስ ዳኛ የለውም። ኳሷ በአንተ ወገን ባለው ሜዳ ላይ ስታርፍ፥ መስመሩን ነክታ እንደ ሆነ ወይም አልፋ ወጥታ እንደ ሆነ የምትፈርደው አንተ ነህ፤ ባላጋራህ ደግሞ በእርሱ ወገን ይፈርዳል። የመስመሩን ጠርዝ ብቻ የነካች ኳስ ገብታለች። «ወጥታለች» ባልህ ጊዜ ነጥቡ ላንተ ነው። እንግዲህ ፈራጁም አንተ፥ ተጠቃሚውም አንተ፥ ብዙ ጊዜ ምስክሩም አንተ ብቻ ነህ ማለት ነው!

በአገራችን የልጆች ጨዋታ እንዲህ ያለ ሥርዐት አላውቅም። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ አንዲቱ ልጅ መስመር ብትረግጥ፥ ከዳር የቆሙት ሁሉ በአንድ ድምፅ «ረገጥሽ!» ይላሉ፤ እርሷ ራሷን እንድትከስ የሚጠብቅ የለም። የትልልቆቹም ሥርዐት እንዲሁ ነበረ። በቀድሞው ዘመን በመንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አላፊ አግዳሚውን አስቁመው «ዳኘን» ማለታቸው የታወቀ ነው። ያ መንገደኛ ሕግ አዋቂ መሆኑ ግዴታ አልነበረም፤ ዋናው ብቃቱ በነገሩ ውስጥ ምንም ጥቅም የሌለው መሆኑ ነው። አባቶቻችን ለማያውቁት መንገደኛ ፍርድን ሲሰጡ ለራሳቸው የነፈጉት፥ ራሳቸውን ስለሚያውቁ ነው። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ጧት የሰባት ዓመት ሕፃን አቁሜ «በራስህ ነገር ፍረድ» እለዋለሁ። ይህ ማስተማር ነው ወይስ ማሳሳት?

አንድ ጊዜ ነገሩን ልፈትን ብዬ ልጆቹን ሁሉ በመስመሩ ግራና ቀኝ አስቀመጥኋቸው። እኔ ከማዶ ሆኜ ኳስ በእጄ እየወረወርሁ ወደ መስመሩ አስጠጋ ጀመር። ማንም አይጫወትም፤ ነጥብ የለም፤ ሥራቸው «ገባች» ወይም «ወጣች» ማለት ብቻ ነው። በጣም ጥሩ ዳኞች ሆነው አገኘኋቸው። ይሳሳታሉ፤ ነገር ግን ስሕተታቸው ወዲህም ወዲያም ነው፤ የገባችውን ወጣች እንደሚሉ ሁሉ፥ የወጣችውንም ገባች ይላሉ። ከዚያ እነዚያኑ ልጆች፥ በዚያው መስመር ላይ፥ በነጥብ እንዲጫወቱ አደረግሁ። አሁንም ይሳሳታሉ፤ ስሕተታቸው ግን ሁሉ በአንድ ወገን ሆነ። በራሱ ሜዳ ላይ የወጣችውን ኳስ በስሕተት «ገባች» ያለ ልጅ በዚያን ቀን አላየሁም።

ይህን ባየሁ ጊዜ ልቤ ደነገጠ። አንዳንድ ጊዜ ከፍ፥ አንዳንድ ጊዜ ዝቅ የሚል የነጋዴ ሚዛን ብልሹ ሚዛን ነው፤ ይጠገናል። ሁልጊዜ ለባለቤቱ ብቻ የሚያጋድል ሚዛን ግን ሌላ ስም አለው። ታዲያ እነዚህ ሕፃናት ሁሉ ሌቦች ናቸው ልበልን? እንዲህ ለማለት ይቸኩል የነበረ አስተማሪ አውቃለሁ፤ እርሱም እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ልጅ የገባችውን ኳስ «አውት!» ብሎ በጮኸ ቁጥር፥ እኔ ከዳር ሆኜ «ገብታለች፤ አትዋሽ» እያልሁ ፍርዱን እሽር ነበር። ሜዳው ሰላም ሆነ፤ ውሸቱም የቀነሰ መሰለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። ኳሷ መስመሩ አጠገብ ስታርፍ ልጆቹ መስመሩን ማየት ትተው ነበር። የሚያዩት ፊቴን ነው። ቅንድቤ ከፍ ያለ እንደ ሆነ «ገባች» ይላሉ፤ ዝም ያልሁ እንደ ሆነ «አውት» ይላሉ። ፊቴን ማንበብ እንጂ እውነትን ማየት አላስተማርኋቸውም ነበር። እኔ በሌለሁበት ቀን ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ ከአጥር ውጭ ሆኜ አየሁት፤ እርሱን አልተርከውም።

ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። «ዝም እላለሁ። ኅሊና ያለ ሥራ አይጠነክርም፤ ራሱ ልጁ ይወቅበት» አልሁ። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ እኔም በሐሳቤ ጥቂት ኮርቼ ነበር።

አንድ ቀን የስምንት ዓመት ወንድ ልጅና የሰባት ዓመት ሴት ልጅ እስከ ሰባት ነጥብ ይጫወቱ ነበር። ወንዱ ልጅ ፈጣንና ጎበዝ ነው፤ ልጅቱ ትንሽ ናት፤ ራኬቷም ከእርሷ የሚበልጥ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዷን ኳስ ተከትላ የምትሮጥ፥ የማትታክት ልጅ ናት። ስድስት ለስድስት ሆኑ። ልጅቱ የመታቻት ኳስ በልጁ ሜዳ ዳር አረፈች፤ የኖራው ብናኝ ብን ሲል በዓይኔ አየሁ። ልጁ «አውት!» ብሎ ራኬቱን ወደ ላይ አነሣ። ልጅቱ ምንም አልተናገረችም። ዞር ብላ እኔን ብቻ አየችኝ። እኔም ያን ያማረ ሐሳቤን አስታውሼ ጎንበስ አልሁና የጫማዬን ማሠሪያ አሠርሁ። ማሠሪያው ግን አልተፈታም ነበር።

በሚመጣው ቅዳሜ ልጅቱ ከሌላ ልጅ ጋር ስትጫወት፥ የገቡ ኳሶችን ሦስት ጊዜ «አውት» ስትል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ አልመጣችም፤ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስም አልመጣችም።

ያን ክረምት ብዙ አሰብሁበት። የልጁን ኅሊና ለማሳደግ ብዬ ያወጣሁት ወጪ ከእኔ ኪስ የተከፈለ አልነበረም፤ ከትንሿ ልጅ ኪስ የተከፈለ ነበር። ስለ ትዕግሥትና ስለ ነፃነት የምንናገር አስተማሪዎችና ወላጆች ይህን ሒሳብ ብዙ ጊዜ እንረሳለን። የአንዱን ጥፋት በዝምታ ስንታገሥ ትዕግሥተኞች እንባላለን፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን አጠገቡ ያለው ተበዳይ ነው። እርሷ ያን ዕለት ከእኔ የፈለገችው ነጥብ አልነበረም፤ ዓይኗ እንዳልዋሻት እንድነግራት ብቻ ነበር።

ልጁንም ለብቻው ጠርቼ ጠይቄው ነበር። «ያችን ኳስ በእውነት ወጥታ አየሃት?» አልሁት። እንባው በዓይኑ ሞልቶ «በእውነት አይቻታለሁ» አለኝ። ዛሬም ቢሆን አምነዋለሁ። ልጁ አልዋሸም፤ እንድትወጣ ከመመኘቱ የተነሣ ወጥታ አያት። እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ጭንቁ ይህ ነው። «አትዋሽ» የሚለው ትእዛዝ ለሚዋሽ ሰው ተሰጥቷል፤ የማይዋሸውን፥ ነገር ግን ፍላጎቱ ዓይኑን ያጣመመበትን ሰው ምን ትለዋለህ? ከእኛስ መካከል ስንቱ ነው በሐሰት የሚኖረው? አብዛኞቻችን የምንኖረው እንደዚያ ልጅ ነው፤ በቅን ልቡና እያየን፥ ነገር ግን ሁልጊዜ ለራሳችን የሚመቸውን።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ በጨዋታው ደንብ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል፤ እኔ ግን ስንት ዓመት ስጫወት እንደ ተራ የጨዋነት ወግ ቈጥሬ አልፌው ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ዳኛ በሌለበት ጨዋታ የተጠራጠርህባት ኳስ ሁሉ ገብታለች፤ ጥርጣሬው የባላጋራህ ነው። ይህን ቸርነት ይመስለኝ ነበር፤ ቸርነት ግን አይደለም። ሰዓቱ አምስት ደቂቃ እንደሚቀድም የሚያውቅ ሰው፥ ሰዓቱን ሐሰተኛ ብሎ አይጥለውም፤ ባየው ቁጥር አምስት ደቂቃ ይቀንስለታል እንጂ። ደንቡም እንዲሁ «ዓይንህ ወደ ራስህ እንደሚያዘነብል እወቅና ቀንስለት» ይላል። ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን ይችላልን ብዬ ለጠየቅሁት ጥያቄ እስከ ዛሬ ያገኘሁት መልስ ይህን ያህል ነው፤ ይችላል፥ ማዘንበሉን አውቆ በራሱ ላይ የሚቀንስ ከሆነ። ማዘንበሉን የማያውቅ ደግ ሰው፥ ከሚያውቅ ተራ ሰው ይልቅ ክፉ ዳኛ ነው።

አሁን ለልጆቹ ያደረግሁት ነገር ቀላል ነው። «አውት» ያለ ልጅ ሄዶ ኳሷ ያረፈችበትን ቦታ በጣቱ መንካት አለበት። ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ካጣ ኳሷ ገብታለች። ሩጦ ሄዶ ጎንበስ ሲል ፍላጎቱ ትንሽ ይበርድለታል፤ ብዙ ጊዜም ግማሽ መንገድ ደርሶ «ገብታለች ጋሼ» ብሎ ይመለሳል። እኔም በግልጽ ያየሁ እንደ ሆነና ሌላው ልጅ የሚጎዳ እንደ ሆነ ዝም አልልም፤ ግን «ዋሸህ» ማለቱን ትቼ «እኔ እዚህ ጋ አየኋት» እላለሁ። ይህ ሁሉ ፍጹም መድኃኒት ነው አልልም። አንድ ልጅ አለ፥ የትም ቢሆን ያለ አንዳች ማመንታት ጣቱን የሚያሳርፍ። እርሱ አንድ ቀን ትልቅ ጠበቃ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

አንዳንድ ጊዜ ዕረፍት ላይ የታላላቅ ተጫዋቾችን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 በፓሪስ፥ በሮላን ጋሮስ ሜዳ፥ ማትስ ቪላንደር የተባለ የ17 ዓመት ስዊድናዊ ለፍጻሜ ለማለፍ ከአርጀንቲናዊው ከሆሴ ሉዊስ ክሌርክ ጋር ሲጫወት፥ በመጨረሻው ነጥብ ላይ የክሌርክ ኳስ ወጥታለች ተብሎ ተፈረደ። ጨዋታው አለቀ፤ ቪላንደር አሸነፈ ተባለ። እርሱ ግን ኳሷ የገባች መስላ ስለ ታየችው ነጥቡ እንደገና እንዲደገም ጠየቀ። ተደገመ፤ ያንኑም አሸነፈ፤ የዚያን ዓመት ዋንጫም ወሰደ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ያጨበጭባሉ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ይቀለኝ ነበር፤ ግን እውነቱ ግማሽ ይሆናል። በ2005 በሮማ፥ አሜሪካዊው አንዲ ሮዲክ ከስፔናዊው ከፈርናንዶ ቨርዳስኮ ጋር ሲጫወት፥ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርታው ሳለ የቨርዳስኮ ሁለተኛ ሰርቭ ወጥታለች ተባለ። ጨዋታው አልቆ ነበር ማለት ነው። ሮዲክ ግን በቀዩ አፈር ላይ ኳሷ የተወችውን ምልክት አይቶ፥ ገብታለች ብሎ ለዳኛው ራሱ ነገረው። ጨዋታው ቀጠለ፤ በመጨረሻም ቨርዳስኮ አሸነፈ።

ይህን ስነግራቸው ማንም አያጨበጭብም። «ስለዚህ ተሸነፈ ማለት ነው?» ብሎ አንዱ ጠየቀኝ። «አዎን፥ ተሸነፈ» አልሁት። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ያ ጣቱን የትም የሚያሳርፈው ልጅ፥ «እኔ ብሆን እስኪያልቅ ዝም እልና፥ ዋንጫውን ከወሰድሁ በኋላ እነግረው ነበር» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን ስንቶቻችን ትልልቅ ሰዎች ኑሯችንን በዚህ ልጅ ሐሳብ እንደምናካሂድ አስቤ ሳቄ ቶሎ አቆመ።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? ዛሬ መኪና ይፈርድ የለምን?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። በ1877 የተጀመረው የዊምብልደን ውድድር በ2025 የመስመር ዳኞቹን አሰናብቶ ፍርዱን ለካሜራና ለኮምፒዩተር አስረክቧል። መልካም ነው፤ መኪናው ለማንም አያዳላም። ነገር ግን በእኛ ሜዳ ላይ መኪና የለም፤ ቢኖርም ከሜዳው በር ተከትሎን አይወጣም። ልጁ ነገ ጓደኛው ያበደረውን ገንዘብ ስንት እንደ ነበረ ሲያስታውስ፥ ወይም ከወንድሙ ጋር ርስት ሲካፈል፥ ካሜራ አይገኝለትም። የሚገኘው ያው የለመደው ዓይኑ ነው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ልጅቱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ በጥቅምት፥ ከታላቅ እህቷ ጋር ተመልሳ መጣች። እኔም የድሮውን ነገር አላነሣሁባትም፤ እርሷም አላነሣችብኝም። አንድ ቅዳሜ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ከአንድ የቀድሞ ጓደኛዬ ጋር በትልቁ ሜዳ ላይ ስጫወት፥ ልጆቹ በዳር ተሰልፈው ተቀምጠው ያዩን ነበር። የተሸነፈው ሻይ ይጋብዛል ተባብለናል። ጓደኛዬ ከባድ ኳስ ወደ ጥጌ መታ፤ ሮጥሁ፥ አልደረስሁባትም። ወዲያው «አውት!» አልሁ።

ልጅቱ ከተቀመጠችበት ተነሥታ «ጋሼ፥ መስመሩን ነክታለች» አለች። ከእኔ ይልቅ ለመስመሩ የምትቀርበው እርሷ ነበረች።

«አንቺ ከዚያ ሆነሽ አይታይሽም፤ ቁጭ በይ» አልኋት። ጣቴን ላሳርፍ አልሄድሁም። ጨዋታውን አሸነፍሁ፤ ሻዩንም ጠጣሁ።

ማታ ሰፈሬ ስደርስ ያች ኳስ አልለቀቀችኝም። እንደ ልጁ ወጥታ አይቻት ነበርን? ወይስ ገብታ አይቻት ነበር? እውነቱን ለመናገር፥ ከቃሉ በፊት ምንም አላየሁም። ቃሉ ቀደመ፤ ማየቱ ከቃሉ በኋላ ተከትሎ መጣ። የተጠራጠርሁባት ኳስ እንኳ አልነበረችም፤ እንድጠራጠር ለራሴ ጊዜ አልሰጠሁትምና።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርቱ ሳይጀመር ልጅቱን ጠራኋት። «ባለፈው ሳምንት ያች ኳስ መስመሩን ነክታ ነበር፤ አንቺ ትክክል ነበርሽ» አልኋት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። ጥቂት አሰበችና፥ «ለእሳቸውስ ነገሯቸው?» አለች።

አልነገርሁትም ነበር። ለልጅ መናዘዝ ቀሎኝ፥ ነጥቡን ለወሰድሁበት ሰው መናገሩ ከብዶኝ ነበር። ስልኬን አወጣሁና እርሷ ቆማ እየሰማች ደወልሁለት። ጓደኛዬ ሳቀ። «እኔም አይቻት ነበር» አለኝ፤ «በልጆቹ ፊት ላላሳፍርህ ብዬ ነው ዝም ያልሁት።»

ስልኩን ዘጋሁ። ልጅቱ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እንዳለኝ ነገርኋት።

«ታዲያ ጨዋታው አሁን ስንት ለስንት ነው?» አለች።